የመምህሬ የመጨረሻ ኮድ

ኮድ መጻፍ ያስተማሩኝ መምህር፣ በኋላ ሶዶ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ አለቃዬ ሆኑ። ሁለታችን የተማሪዎች ምዝገባ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ቢፒአር የሚባለው የመሥሪያ ቤት ለውጥ የመጣበት ሰሞን ስለነበር፣ ከላይ ያሉት ሁሉ ነገር ቶሎ ኮምፒውተር ላይ እንዲገባ ይጨቀጭቁናል። እሳቸው ግን ችኮላ አይወዱም። ሥራቸው ንጹሕ ነበር።

ያን ክረምት የውጤት መመዝገቢያውን ክፍል ብቻቸውን ጻፉ። ከወትሮው ብዙ ቆዩበት። ምሳ በልተን እንደተመለስን፣ «ምሳ አንሄድም እንዴ?» ይሉኛል። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

ጨርሰው ሲሰጡኝ፣ ፕሮግራሙን ሳያስነሳ ኮዱን መስመር በመስመር አንብቦ ስህተት የሚጠቁም ሶፍትዌር ነበረን፤ በእሱ አስፈተሽኩት። ሌላ ጊዜ በእሳቸው ሥራ ላይ እምብዛም የሚያገኘው ነገር የለም። ያን ቀን ማስጠንቀቂያው ገጽ በገጽ እየሆነ ወረደ። የተበላሸው ሶፍትዌሩ መስሎኝ ኮዱን ራሴ ከፍቼ አነበብኩት። አማካይ ውጤት የሚያሰላው ክፍል በተለያየ ስም ሦስት ቦታ ተጽፏል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሦስተኛውን ሲጽፉ የፊተኞቹ ትዝ እንዳላሏቸው ያስታውቃል። ተጀምሮ መሐል ላይ የተተወም ሞልቷል።

ጠራኋቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አነበቡ።

«ይሄን ማነው የጻፈው?» አሉ።

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ልጁ ጎበዝ ነው። ግን ሐሳቡ አንድ ቦታ አይረጋለትም። ሳትቆጪ ንገሪው፣ እሺ?»

«እሺ ጋሼ።»

ወደ ፋይሉ መጀመሪያ ሲመለሱ የራሳቸውን ስም አዩት። ጣታቸው ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ቆይተው መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «ዝናቡ ሳይመጣ ልሂድ» ብለው ወጡ። ፊታቸውን አላየሁትም።

በነጋታው ቤታቸው ሄጄ ለባለቤታቸው ነገርኩ። አላለቀሱም። «እኔም ካየሁ ቆየሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ለማን ይነገራል ብዬ ነው። ጸሎት ብቻ ያዝኩ።»

ጋሼ ሐኪም ቤት ተወሰዱ፤ አዲስ አበባም ደርሰው መጡ። በሽታው የሚያድን መድኃኒት እንደሌለው ተነገራቸው። ሥራውን ለቀው ጉኑኖ ወደሚገኘው የአባታቸው መሬት ገቡ። እኔም የጻፉትን እያፈረስኩ እንደገና ሠራሁት። በሕይወት እያሉ ንብረታቸውን የምከፋፍል ይመስለኝ ነበር።

ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። መጀመሪያ እንግሊዝኛው፣ ቀጥሎ አማርኛው ጠፍቶባቸው ወላይትኛ ብቻ ቀርቷቸዋል። እኔ ከተማ ያደግኩ ነኝ፤ ወላይትኛዬ ደካማ ነው። እጄን ይዘው ብዙ አወሩኝ፤ ግማሹን አልሰማሁትም።

«ምን እያሉኝ ነው?» አልኳቸው ባለቤታቸውን።

«እህቴ ነሽ እያለሽ ነው። የሞተችው እህቱ መስለሽው ነው። አዎ በይው።»

«ኤ» አልኩ በወላይትኛ። ጋሼ ደስ አላቸው።

በዓመቱ ዐረፉ። ለቀብሩ ከኮሌጁ የሄድነው ጥቂት ነበርን። አዲሱ ኃላፊ ስለ ሥራቸው እንዲናገር ሲጋበዝ ተነሣ፤ አብሯቸው ስላልሠራ፣ «ጥሩ ሰው ነበሩ ይባላል» ብሎ ተቀመጠ።