ጄሎዛ ያሰኘኝ መስታወት

ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ዳር፣ ዛሬ ፍርስራሹም የሌለ አንድ ትንሽ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ነበር። እኔ እዚያ የተቀጠርኩት ለዓይኔ ነው። ታጥቦ የመጣውን ጠርሙስ ላምፓ በበራበት ነጭ ሰሌዳ ፊት እያሳለፍኩ፣ ውስጡ ጭድ ወይ በረሮ የቀረበትን እለያለሁ። ቀላል ይመስላል። እስቲ ሞክሩት! ከሰዓት በኋላ ዓይን ያነባል፣ አንገት ይደርቃል፣ ጠርሙሱ ግን አያልቅም። ያም ሆኖ፣ የሰፈሩ ልጆች በበዓል የሚጠጡት እኔ ያየሁትን ነው እያልኩ እኮራ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ የኤሌክትሪክ ዓይን የሚሉት ማሽን መጣ። የተከለው ጣልያናዊ መካኒክ ነው። ጣልያንኛ የሚያውቀው ኃላፊያችን ብቻ ስለነበር የሰውየውን ንግግር ሁሉ የሚተረጉምልን እሱ ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎኛል።

መካኒኩ የማሽኑን ዓይን ከፍቶ አሳየን። ከፊት ያለው መስታወት በዝናብ ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ናፍጣ አንዴ ወይን ጠጅ፣ አንዴ አረንጓዴ ይላል። ላዩ ላይ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ተቀብቷል አለን፣ በኃላፊው አፍ። ብርሃኑን ወደ ውስጥ ያሳልፋል፣ ብርሃኑ የቀሰቀሰውን ኤሌክትሪክም ተቀብሎ ለሽቦው ያደርሳል። ጠርሙሱ ቆሻሻ ካለበት ጥላው ያርፍበትና ኤሌክትሪኩ ይደክማል፤ ቀይ ላምፓ በርቶ ጠርሙሱ ተገፍቶ ይወጣል። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስኬድም ሲባል ነበር የምሰማው፤ ደነቀኝ። «እንዳትነኩት» ተባልን፤ አልነካሁትም። እንደፈራሁት አላባረሩኝም፤ ማሽኑን እንድጠብቅ አደረጉኝ። እውነቴን ነው፣ ማሽኑን ወድጄው ነበር። ራስ ምታቴን የገላገለኝ እሱ ነው።

አንድ ሰሞን ትልልቅ እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተባለ። ኃላፊው በዋዜማው ፋብሪካውን ሲያስወለውል ዋለና እኔ ዘንድ ደረሰ።

«ይሄ መስታወት ምን ሆኖ ነው ዘይት የመሰለው? በአመድና በሎሚ ፈትጊው።»

«ጌታዬ፣ መካኒኩ እንዳይነካ ብሏል እኮ።»

«የተረጎምኩልሽ እኔ አይደለሁም? በቆሻሻ እጅ አትንኩት ነው ያለው። አታጽዱት መቼ አለ?»

የሰውየው ጣልያንኛ ያለው እሱ ዘንድ ነው። ፈተግኩት። ያ ቀለም ለቅቆ ለቅቆ መስታወቱ የምንጭ ውሃ መሰለ። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አየውና «እንዲህ ነው እንጂ!» አለኝ።

በማግስቱ፣ እንግዶቹ ፊት፣ ቀዩ ላምፓ በራና አልጠፋም። ማሽኑ ንጹሑንም ቆሻሻውንም አንድ ሳያስቀር እየገፋ አስወጣው። አንዱ እንግዳ ሳቀ። ኃላፊውን ላብ አጠመቀው።

መካኒኩ ተጠርቶ መጣ። መስታወቱን ገና ሲያየው ፊቱ ቀላ፤ ወደ እኔ ዞሮ ጮኸ።

«ማን ነው ያደረገው እያለ ነው» አለኝ ኃላፊው።

«እርስዎ አዘውኝ በአመድና በሎሚ ፈተግኩት፤ ይንገሩልኝ።»

ነገረው። የነገረው እኔ ካልኩት በጣም የረዘመ ነበር፤ በመሃሉ አንዲት ቃል እየተመላለሰች ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ጄሎዛ። የመካኒኩ ቁጣ በረደ፤ በሐዘን አየኝና ራሱን ነቀነቀ። እኔ ቂሏ፣ እውነቴ የገባው መስሎኝ እጅ ነስቼ አመሰገንኩት!

የዚያኑ ዕለት ከሥራ አሰናበቱኝ። በሩ ላይ ዘበኛውን አገኘኋቸው። በወጣትነታቸው ጣልያን ጋራዥ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ኦቦ፣ ጄሎዛ ምን ማለት ነው?»

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ማን አለሽ? ቅናተኛ ማለት ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሥራዬን ስለወሰደብኝ በማሽኑ ቀንቼ ሆን ብዬ አበላሸሁት ነው የተባለው፤ ያውም ራሴ ያመንኩ ተደርጎ። እስካሁን ያቃጥለኛል። በአማርኛ ቢዋሽብኝ እመልስለት ነበር፣ በኦሮምኛም ቢሆን አላንስም ነበር። እሱ ግን በማላውቀው ቋንቋ ዋሸብኝ፤ እኔም ለውሸቱ እጅ ነሳሁ።

ቅናት ደግሞ እኛ ሰፈር ሲደርስ ቅናት ብቻ ሆኖ አይቀርም። «ቀንታ አበላሸችው» ተብሎ ከፋብሪካው የወጣው ወሬ፣ ገበያ ሲደርስ «በዓይኗ በላችው» ሆነ። ብረት የበላ ዓይን ለልጅ ይራራል? እናቶች ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ኃላፊው ሹመት አግኝቶ አዲስ አበባ ገባ። ማሽኑ መጋዘን ተጣለ፣ ነጩ ሰሌዳ ተመልሶ ተሰቀለ፤ የእኔ ወንበር ላይ ግን ሌላ ሴት ተቀመጠች።

በመስቀል ሰሞን ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ለትንሹ ልጇ ለስላሳ ስታጠጣ በፊቷ አለፍኩ። እንዳየችኝ ነጠላዋን በልጁ ፊት ላይ ጣለች። ጠርሙሱ ከነጠላው ውጭ ቀርቶ ፀሐይ አርፎበት ነበር፤ ከሥሩ ጭድ ተኝቷል። ልነግራት ቆም አልኩ።

«ዓይንሽን ከልጄ ላይ አንሺ!» ብላ ጮኸችብኝ።

አነሳሁላት።