የጣሊያን ነው የተባለው አጽም

ቅርንፉድ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ጎረቤታችን የሚያመውን ጥርሱን ለማስታገስ ቅርንፉድ ከአፉ አይለይም ነበር። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ አንቱ ማለቱን ግን ከተውኩት ቆየሁ። ዘመዶቹ ይቀየሙኛል። ይቀየሙ።

ያኔ ደንዲ ነበርን፤ እኔ አሥረኛ ክፍል ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ከዚህ ሰው ጋር በእርሻ ድንበር በተጣላ ማግስት ጠፍቶ ሦስት ክረምት አልፏል። ሰውየው ጊንጪ መናኸሪያ አውቶቡስ ሲሳፈር አይቼዋለሁ ብሎ ማለልን። እኛም አምነን ስልኩን ስንጠብቅ ኖርን። አንድ ጧት የመንገድ ሠራተኞች ከሰውየው ባሕር ዛፍ ሥር ሲቆፍሩ አጽም ወጣ። የእርጥቡ አፈር ሽታ እኛ ደጃፍ ድረስ ይመጣ ነበር። እሱ ማንም ሳይጠይቀው ቅርንፉዱን እያላመጠ፣ «የጣሊያን ነው። አባቴ እዚህ የተቀበረ ጣሊያን አለ ይሉኝ ነበር፤ መልሱት» አለ። ምን ልንገርህ፣ መንደሩ በሙሉ አመነው።

ፖሊስ ጠርቷት ከአዲስ አበባ የመጣችው ሐኪም ግን አላመነችውም። የራስ ቅሉን ወደ ብርሃን አዙራ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አየች። ፈረንጆች ላይ አዘውትሮ የሚታየው፣ ከላይኛው መንጋጋ ጥርስ ጎን የሚወጣ ትርፍ ጉብታ እዚህ የለም አለች፤ ሌላውም ምልክት ወደኛ አገር ሰው ያደላል። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ገና እየበቀለ ስለነበር ዕድሜውን ሃያ ገደማ ገመተችው። «ጥርስ ዘርን በግምት ይጠቁማል እንጂ ስም አይናገርም» ብላ፣ የወንድሜን መጥፋት ሰምታ ስለነበር ለማመሳከር ከእናቴ ምራቅ ወሰደች።

ከወራት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ወንድሜ ነበር። ጎረቤታችን ታሰረ። ፍርዱ የተነበበ ዕለት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ፊቱ ሲገረጣ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሽማግሌዎች ለጉማ፣ ለደም ዕርቅ ቢመጡ በሩን ልዘጋባቸው እየማልኩ ቤት ገባሁ። ለእናቴ ስንት ዓመት እንደተፈረደበት፣ ፊቱ እንዴት እንደገረጣ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እሷም አብራኝ ደስ እንዲላት ፈልጌ ነበር።

ስለ ሰውየው ምንም አልጠየቀችኝም። ሲከፋት ኦሮምኛዋ ይቀድማል።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አለችኝ፣ «ያ ሐኪሟ እየበቀለ ነበር ያለችው ጥርስ፣ ያመው ነበር ይሆን? የጠፋ ሰሞን ቆሎውን ትቶ ሲነሳ ተቆጥቼው ነበር።»