ሦስቴ የሚነፋው ጡሩምባ

በወጣትነቴ ጊታር የመታሁበትን የዘፈን ሸክላ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም ሲያገኙኝ አንድ ጥያቄ አላቸው። «መግቢያው ላይ ሳክስፎኑ ሦስት ጊዜ እንደ ማኪና ጡሩምባ የሚጮኸው፣ የማን ሐሳብ ነበር?» እኔም ከውጭ የሮክ ሸክላ ላይ የሰማነው ነው ብዬ እዋሻለሁ።

ቤታችን ኮሶዬ ነበር፣ ከደባርቅ መንገድ ዝቅ ብሎ። ታላቅ ወንድሜ ከጎንደር አሥመራ የሚመላለስ የጭነት ማኪና ሹፌር ነበር። ከቤታችን በላይ ካለው ኩርባ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ጡሩምባ ይነፋል። እናቴ የያዘችውን ጥላ ትወጣለች። ለመውረድ ጊዜ ባይኖረው እንኳ እጇን አውለብልባለት ትመለሳለች። እኔ በዚህ እቀና ነበር። በእግሬ ስመጣ ማን ይወጣልኛል?

አንድ ቀን አዲ አርቃይ ቁልቁለት ላይ ማኪናው ገደል ገባ። በለቅሶው ዘመድ ሁሉ ተራ በተራ ሙሾ ሲያወርድ እኔ አንዲት ቃል ጠፋችኝ፤ እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ። በዚያው መሐል አንድ የጭነት ማኪና በላይ በኩል ዝም ብሎ አለፈ። እናቴ ቀና ብላ አየችውና እንዲህ አለች፦

«ማኪናው አለፈ፣ ጡሩምባ ሳይነፋ፤
ምነው ልጄ ዛሬ፣ የናትህ ቤት ጠፋ?»

ለቀስተኛው በዋይታ ተናወጠ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የግጥሙን ማማር አሰብሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ጊታር እመታ ነበር። ወጣቱ በሮክ አብዶ ነበርና የሙዚቃ ቡድናችን አለቃ እኛም ሞቅ ያለ ሸክላ እናውጣ አለ። ግጥም ሲታጣ የእናቴን ሙሾ አውጥቼ ሰጠሁት። «ልጄ» የሚለውን «ውዴ»፣ «የናትህ» የሚለውን «የፍቅርህ» አደረግሁት። ከበሮ መቺው አጣደፈው፤ ሳክስፎኑ ሦስቴ ጮኸ። ለቅሶ የነበረው ነገር በአንድ ከሰዓት ጭፈራ ሆነ። ኮሶዬ ማን ይሰማዋል ብዬ ነበር።

ሸክላው ጎንደር ፒያሳ ቡና ቤቶች ሳይቀር ገባ። ከሁሉም በላይ የወደዱት ሹፌሮች ነበሩ።

ለወንድሜ ሦስተኛ ሙት ዓመት ስሄድ ሸክላውን በቦርሳ፣ የተዋስሁትን ግራሞፎን በእጄ ይዤ ነበር። ለእናቴ አሰምቼ ይቅርታ ልጠይቃት፣ ካዘነችበትም ዳግመኛ ላልጫወተው ወስኜ ነበር። የተሳፈርሁበት ማኪና ሹፌር ዘፈኔን እያንጎራጎረ በየኩርባው ሦስት ሦስት ጊዜ ይነፋ ነበር። የኛን ኩርባ ከሌላው አልለየውም።

ቤት ገብቼ ገና አረፍ እንዳልሁ ሌላ ማኪና ሲያልፍ ሦስቴ ነፋ። እናቴ የምትፈለፍለውን ባቄላ አስቀምጣ ወጣች። እጇን አውለብልባ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር።

«አየህ?» አለችኝ። «አሁን አሁን ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ሸጋ ልጆች፤ ወንድምህን አልረሱትም።»

እጄን ወደ ቦርሳው ሰደድሁ። እሷም ባቄላዋን አንስታ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ ቀጠለች።

«ባዕዱ እንዲህ ሲያስታውሰው፣ አንተ ለወንድምህ አንዲት ቃል አላወጣህለትም። ምነው ልጄ?»

ቦርሳውን በእግሬ ወደ መደቡ ሥር ገፋሁት። የዚያን ቀን ብነግራት ልጇን ዳግመኛ እንደምቀብርባት መሰለኝ። ይህን ደግነት ብዬ ስጠራው ኖሬአለሁ፤ ፍርሃት ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ጉልበቷ ከከዳትም በኋላ፣ ጡሩምባው ሦስቴ በተነፋ ቁጥር በሰው ተደግፋ ትወጣ ነበር።