የጎረቤቴ ፍቱን ኪኒን

እዚሁ ሚዛን፣ በቡና ለቀማው ሰሞን ጥርሴን ክፉኛ ጠዘጠዘኝ። አጥር የሚጋሩኝ እትዬ ሙሉ ከባለቤታቸው የተረፈ ቀይና ቢጫ ኪኒን ሰጡኝና ዋጥኩ። ሲነጋ ዓይኔ ጠቦ፣ ከንፈሬ አብጦ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ መርፌ ወጋችኝና፣ "ሰውነትሽ ይኼን መድኃኒት አይቀበለውም። ዳግመኛ ብትውጪው ሊገድልሽ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረሽ እጅሽን አንሺ" ብላ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችኝ።

ማሳከኩን ልቻል፣ ትንፋሼን ላዳምጥ ወይስ እመቤቴን ልጥራ? መቀመጥም መነሣትም አቃተኝ። በዚህ መሐል እትዬ ሙሉ ሳላቸውን ሊታዩ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አዩኝና አማተቡ።

"በስመ አብ! ምን አገኘሽ ልጄ? ከቴፒ ነው የመጣሽው?"

አላወቁኝም! እኔ ነኝ ልላቸው ብሞክር ከንፈሬ አልታዘዝ ብሎ "እእ" ብቻ ወጣኝ።

"በቃ፣ አትናገሪ፣ አይዞሽ" አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ያው ቀይና ቢጫ ኪኒን! እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። እሳቸው ኪኒኑን ወደ አፌ አስጠጉት።

"ዋጪው፣ ግድ የለሽም። ትናንት ለጎረቤቴ ሰጥቻት ዛሬ በሯን ባንኳኳ የለችም። ድና ቡና ለቀማ ወርዳለች።"