ያልተሞላው ዓምድ

ሱሉልታ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ስገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ያለውን ዕድሜዬን የሰው ቤት ስሠራ ነው ያሳለፍኩት፤ ፊደል የለየሁትም የአሠሪዎቼን ልጆች ደብተር ከጀርባቸው ቆሜ እያየሁ ነው። ስለዚህ ለጽሕፈት የነበረኝ ክብር ከልክ ያለፈ ነበር። መስመር ከተጣመመብኝ ገጹን ቀድጄ እንደገና እጀምራለሁ። የክፍሉ ልጆች "እማማ" ይሉኛል። አንዱ ከኋላ "እማማ፣ ዛሬ ልጆችዎን ማን ጋ ጥለው መጡ?" ብሎ ሲጮህ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። እኔ መጽሐፌ ላይ አቀረቅራለሁ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ብቻ አትስቅም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሯጭ ናት። ከሰላሌ ገጠር መጥታ፣ እኔ በተከራየሁበት ግቢ ከሁለት ሯጮች ጋር አንዲት ክፍል ይዛለች። ጠዋት ጫካና ሜዳ ስትሮጥ ታረፍዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ከእኔ ጋር ትማራለች። "አዳዳ" ነበር የምትለኝ፤ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። ስትጀምረው ለቀልድ ነበር፤ እያደር ቀልዱ ጠፋና መጠሪያው ቀረ።

አሰልጣኟ በየሳምንቱ የሚያየው የልምምድ ደብተር ነበራት። አንድ ቀን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

"አዳዳ፣ ማሎ፣ እባክሽ አንቺ ጻፊልኝ። አሰልጣኙ 'ይሄ የዶሮ ጭረት ነው' አለኝ።"

"ዶሮስ ትሻላለች፤ ጭራ ጥሬ ታገኛለች።"

ሳቀች። ማስመሪያ አውጥቼ አሰመርኩላት፤ ቀን፣ ደቂቃ፣ ክብደት፣ እንቅልፍ። አምስተኛ ዓምድ ከራሴ ጨመርኩ። አንዲት አሠሪዬ ለልጇ "የወር አበባሽን ቀን መያዝ ልመጂ" ስትላት ሰምቼ ነበርና ጥሩ ነገር መስሎኝ ነው። ልጅቷ አፈረች። "ነጥብ ብቻ አድርጊበት፣ ቃል እንዳትጽፊ፤ አሰልጣኙ ያያል" አለችኝ።

መስከረም ላይ ነጥብ አደረግሁ። ጥቅምትም እንዲሁ። ኅዳር ላይ "ባዶ ተይው" አለችኝ፤ ታኅሣሥም "ባዶ ተይው።" ጥር ላይ ስጠይቃት ፊቷ በራ።

"ኮንዲሽን ገብቻለሁ ማለት ነው። ሯጮቹ ልጆች ነግረውኛል፤ ሰውነት ለውድድር ሲደርስ እሱ ራሱ ይሄዳል።"

የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ አሮጌ የጤና መጽሐፍ ነበር። ገላው ምግብ ያጠረው ልጅ ምን እንደሚሆን ይናገራል፤ የሴቷ ደም እንደሚቋረጥ፣ አጥንቷ ውስጥ ውስጡን እንደሚሳሳ። አንብቤላት ስጨርስ "የጻፈው ሰውዬ ሮጦ ያውቃል?" አለችኝ። መጽሐፉን አጥፌ መለስኩት።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በጾም ማን ማንን "ብላ" ይላል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ከዘጠኝ በኋላም እንጀራዋን ቆራርሳ ሰሃኑ ላይ ትበትነዋለች። ፋሲካ ሲደርስ ያበቃል ብዬ ጠበቅሁ። የፋሲካ ለት የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ለየክፍሉ ዶሮ ወጥ ስታድል፣ ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀብላ ለጓደኞቿ ሰጠች።

"ስእለት አለብኝ" አለች።

በእኛ ዘንድ ስእለት ያለበትን ሰው ማንም አይጎተጉተውም። "ምን ተስለሽ ነው?" ተብሎም አይጠየቅም። ሴትዮዋ "ተዉአት፣ እግዜር የመረጣት ልጅ ናት" ብላ ግንባሯን ሳመቻት። እኔም ወደ ሰሃኔ ዞርኩ። የአንዱ ታቦት ስእለት ሲያልቅ የሌላው ይጀምር ነበር። የክብደቷን ቁጥር በየሳምንቱ በጥንቃቄ እጽፋለሁ፤ በየሳምንቱ ይወርዳል። ፀሐይ እየከረረ ጃኬት አታወልቅም። ክንዷ ላይ ጨቅላ ሕፃን ጀርባ ላይ እንደሚታየው ያለ ስስ ጸጉር በቀለ። መሳቅ ተወች። አስፋልቱ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ዛሬ ሦስተኛሽ ነው፤ ሚዛኔም ይታዘብሻል" ሲሏት ሰማሁ። ሳንቲማቸውን ሰጥታ ወረደች።

ግንቦት ላይ ለምኜ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር፤ ለማሳየት። የተረኛዋ ባለሙያ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

"ስንት ወር ቀረብሽ?"

"ስድስት።"

"ወንድ ጓደኛ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ሁሉም የለኝም ነው የሚሉት።" የሽንት ዕቃ ሰጠቻት። ውጤቱ ሲመጣ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ እርጉዝ አይደለሽም። ጭንቀት ነው፤ ይመጣል" ብላ ቀጣዩን ጠራች።

አልመዘነቻትም። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ተሰላፊዎቹ በሩን ያንኳኳሉ። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ደብተሩን ጨብጦ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ፊት አፌ አይፈታም፤ ከሰው ቤት ይዤው የመጣሁት ልማድ ነው። ሳላወጣው ወጣን።

የሽንት ዕቃውን ይዛ ስታልፍ ከሰፈር ያየ ሰው ነበር። ግቢ ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ግንባሯን የሳመችው ሴትዮ "ስእለቱ ይሄ ኖሯል!" ብላ በሯን ዘጋች። በሳምንቱ አባቷ ደውለው "ነይ" አሏት።

"አልሄድም" አለችኝ። "የክለብ ማጣሪያው ሰኔ ላይ ነው። ካለፍኩ ሁሉም ዝም ይላል። አንቺ ግን ሁለተኛ የትም እንዳትወስጂኝ።"

የማጣሪያው ለት ሜዳው ዳር ቆሜ ነበር። መሪዎቹ መሃል ናት። የመጨረሻው ዙር ላይ፣ ማንም ሳይገፋት፣ ድንጋይም ሳይነካት፣ እግሯ ከሥሯ ታጠፈ። የወደቀችበት ስደርስ አላለቀሰችም። "ስንተኛ ነበርኩ?" ብቻ አለችኝ።

የተሰበረው ቅልጥሟ ነበር። አዲስ አበባ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ ብዙ አየው። "ይሄ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አጥንት አይደለም" አለ። "ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?" ልመልስለት እችል ነበር። በሳምንት በሳምንት፣ መስመሩ ሳይጣመም፣ ከእኔ በቀር በትክክል የሚያውቅ አልነበረም።

አባቷ ሊወስዷት መጡ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ጭቃ የነካው ጫማቸውን አውልቀው እኔ ክፍል ገቡ።

"የተማርሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።"

"እየተማርኩ ነው፣ አባቴ። ይቀመጡ።"

"አጠገቧ ነበርሽ። አላየሽም?"

ደብተሩ አልጋዬ ላይ ነበር። ትራስ ሳብ አድርጌ ሸፈንኩት። ሽማግሌው "ማል ጎና?" አሉ፤ ምን እናደርጋለን ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ጫማቸውን አጠለቁ።

አራት ዓመት ሆነ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ትንሽ ታነክሳለች። ሩጫ የለም፣ አሰልጣኝ የለም፣ የምትሽቀዳደመው ሰዓትም የለም። ስለዚህ ስእለቱም አብሮ ያበቃል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። በቅርቡ ደወልኩላት። ከወዲያ በኩል ላም ትጮሃለች።

"ምሳ በላሽ?" አልኳት።

"ስእለት ላይ ነኝ፣ አዳዳ።"

"የምን ስእለት? ምን ፈልገሽ?"

እሷ ራሷም የማታውቅ ይመስለኛል። "ደብተሩ አለ?" አለችኝ።

"አለ።"

"ወፍጮ ቤት የእህል ሚዛን አለ። ትናንት ወጣሁበት።" ቁጥሩን ነገረችኝ። ከማጣሪያው ለት ቁጥር ያነሰ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። "መዝግቢልኝ" አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ያንን የጥር ወር ደስታ ሰማሁት።

ደብተሩን ከሣጥኑ አወጣሁ። አምስተኛው ዓምድ ከሁለት ነጥቦች በታች እስከ ገጹ ግርጌ ነጭ ነው። እስክሪብቶውን ከፈትኩ፣ መልሼ ከደንኩት።

"ጻፍሽው?"

"ጻፍኩት" አልኳት።

"አሳምረሽ?"

"አሳምሬ።"