ጨው የማይጫንባት ቤታችን

ሰው «ባልሽ ቤት ሠርቶልሻል አሉ፣ የት ነው?» ሲለኝ «የትም!» እል ነበር። ዋሸሁ እንዴ? ቤታችን ዛሬ ዳንግላ ብትሆን ነገ ጥሊሊ ነች፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ጫግኒ ወርዳ ትሞቃለች። እኔም አብሬያት እሞቃለሁ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አዲስ ሙሽራ ነበርሁ፤ የሚያስቀውም የማያስቀውም ያስቀኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ የእንጅባራ ልጅ ነው። ስንት ዘመን የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ አንድ ቀን በሬውንም ላሙንም ሸጦ አዲስ አበባ ሄደና አዲስ መኪና ይዞ መጣ። አዲስ መኪና ስላችሁ ከፊት ሞተርና ጋቢና አላት፤ ከጋቢናው ኋላ ግን ጎማ ላይ የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ብቻ። ያንን ብረት ሻንሲ ይሉታል፤ ሁሉን የሚሸከመው እሱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የጭነት ሳጥን ያሠራበት ነበር። የኔ ጉድ ዳንግላ ካለ አናጢ ጋር ተመካከረና ቤት አቆመበት! የጣውላ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት መስኮት፣ በስተኋላ በር። ውስጧ አልጋና የልብስ ስፌት መኪናዬ የምትቀመጥበት ጠረጴዛ አለ። ገበያ ሜዳ ዳር ስንቆም እኔ የሰው ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ሲያበቃ እሱ ይነዳል።

መጀመሪያ የተነዳን ቀን ድስቱ ከመደርደሪያው ወርዶ ሰሃኑን አሳደደው፤ እኔ ሁለቱን ሳሳድድ አልጋው ላይ ተዘረርሁ። ባሌ ጩኸቴን ሰምቶ ደንግጦ ቢያቆም በሳቅ ልሞት ደርሻለሁ። «እንደገና ንዳት! እንደገና!» አልሁት። ውሻው ሁሉ ይከተለናል፣ ሰው ከማሳው ቀና ብሎ ያማትባል። አንዲት አሮጊት ቤቲቱን ሦስት ጊዜ ዞረው «ልጄ፣ ጎረቤትሽ ማነው?» ብለውኛል።

መኪናዋን የሸጠለት ኩባንያ የዋስትና ወረቀት ሰጥቶት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሻንሲው በራሱ ጉድለት ቢበላሽ ኩባንያው በአዲስ ይለውጣል ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ጨው የተጫነበት እንደ ሆነ ዋስትናው ይፈርሳል» የሚል አለበት፤ ጨው ብረት ይበላላ። ባሌ ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ከዳዊቱ ጋር ነበር የሚያስቀምጠው። ጧት ጧት ዳዊቱን ከደገመ በኋላ ወደኔ ይዞራል።

«አንቺ፣ በዚች መኪና ጨው አይጫንም! ሰማሽ?»

«ኧረ ሰማሁ! ወጡንም አልጫ በአልጫ ላድርግልህ?»

መስማቱንስ ሰምቻለሁ። ግን ቀሚስ ሊያሰፉ የሚመጡት ሴቶች ከጨርቁ በፊት የሚጠይቁኝ ጨው ነው። «እናንተ ከከተማ ከተማ የምትዞሩ፣ ጨው የላችሁም እንዴ?» ይሉኛል። ስንቴ የለኝም ልበል? አንድ ቀን «አለኝ» አልሁና አልጋችን ሥር አንድ ጆንያ ገባች። ገበያው ሲጥም ሁለተኛዋ ተከተለች። ባሌ ሻይ ቤት ሲሄድ እሸጣለሁ፤ ሲመጣ የአልጋውን ልብስ ወደ ታች ጎትቼ መርፌዬን እይዛለሁ። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከጀመረ መች ያባራል! ጨው እርጥበት ሲያገኘው ውኃ ያወጣል። ውኃው ወለሉን ማራስ፣ ከወለሉም ወደ ብረቱ መውረድ ጀመረ። አንድ ቀን ባሌ ወለሉን ዳበሰና «ይኼ እርጥበት ምንድን ነው?» አለኝ።

«እግሬን ታጥቤ ነው።»

«ሦስት ቀን ሙሉ?»

«እግሬ ቆሽሾ ነበራ!»

ሁለተኛው ክረምት ወጣና መስቀል አለፈ። ከጥሊሊ ወደ እንጅባራ ስንመለስ መኪናዋ አንድ ቦይ ውስጥ ዘው ብላ ወጣች፤ ከሥሬ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንደ ምንም ተጎትተን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያለው የባሌ እናት መሬት ላይኛው ጫፍ ላይ ስንደርስ በሩ አልከፈት አለ። እኔ ከውስጥ እገፋለሁ፣ እሱ ከውጭ ይጎትታል፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ባሌ ከሥሯ ገብቶ ሲወጣ መዳፉ ሙሉ ዝገት ይዟል፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ የመጣ ዝገት። ሻንሲው መሐሉ ላይ ሰርጉዷል፣ ቤታችንም አብራ ተጣማለች። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም ከምን እንደ መጣ አውቄዋለሁና የአልጋውን ልብስ ወደ ታች ጎተትሁ።

የስድስት ወር እርጉዝ ነበርሁ። በሩ ስለማይከፈት ከዚያን ቀን ጀምሮ የምወጣውም የምገባውም በመስኮት ሆነ። ሆዴን አስቀድሜ ልውጣ ወይስ እግሬን? ባሌ ከውጭ ይቀበለኛል፤ እኔ መሐል ላይ ሳቄ ይመጣና እንደ ተሰቀልሁ እቀራለሁ። አማቴ ይህን ሲያዩ በአገውኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙና ወደኔ ዞረው በአማርኛ «በይ እንግዲህ! ልጁም በመስኮት ነው የሚወጣው!» አሉኝ።

አማቴ መጀመሪያም ያቺን ቤት አልወደዷትም። «ሰው እንዴት እግር ባለው ቤት ይወልዳል? መሬት ሞልቶኛል፤ እዚሁ ተቀመጡ» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ መኖር እስር ቤት ይመስለኛል። «እማማ፣ እርስዎ አይቆጡ። ኩባንያው ብረቱን ይለውጥልናል፤ ከዚያ እንሄዳለን» አልኋቸው። ባሌም ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈ። ነገሩ ሁሉ በዚያ ብረት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ብረቱ ከተለወጠ ልጄን ይዤ ጫግኒ እወርዳለሁ፤ ካልተለወጠ መንገዱ በቃኝ ማለት ነው።

ከብዙ ሳምንት በኋላ የኩባንያው ሰው በአውቶቡስ መጣ። ከረባት ያሰረ ቀጭን ሰውዬ ነው፤ መዶሻና የእጅ ባትሪ ይዟል። ኮቱን አወለቀና በማይከፈተው በራችን እጀታ ላይ ሰቀለው።

«ጨው ጭናችሁበት ታውቃላችሁ?»

ባሌ ደረቱን ነፋ። «ጨው? እንኳን ጨው፣ ጨው የነካ እጅ ነክቷት አያውቅም! ማርያምን!»

«ማርያምን!» አልሁ እኔም። ድምፄ ከየት እንደ ወጣ እንጃ።

ሰውዬው በጀርባው ተንሸራትቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ጫማው ብቻ ይታየናል። ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቀጭ ያደርጋል። እኔ በልቤ ማርያምን ይቅር በይኝ እያልሁ አንድ እግሬን ካንዱ እቀያይራለሁ። በኋላ ከሥር ሆኖ «ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንዲህ የዛገ ብረት አይቼ አላውቅም» አለ። «ከፋብሪካው ሲወጣ ጉድለት ሳይኖርበት አይቀርም። እንዲያ ከሆነ ይለወጥላችኋል።»

እልል ልል አፌን ከፈትሁ። ባሌ እጄን ጨበጠኝ። በሐሳቤ ጫግኒ ደርሼ ሸማዬን ጥዬ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር።

ይሄኔ የአማቴ ከብቶች ከታች በኩል ብቅ አሉ። አማቴ ከኋላቸው ዘንግ ይዘው ቀስ ብለው ይመጣሉ። ከብቶቹ መኪናዋን ሲያዩ ጆሯቸው ቆመ። ከዚያ በሩጫ! ቡሬዋ ላም ቀድማ ደረሰችና ከአልጋዬ ሥር ባለው ብረት ላይ ምላሷን አሳረፈችው። ሌሎቹ ተከተሏት። ይልሳሉ፣ ይገፋፋሉ፣ አንዷ አንዷን ትወጋለች። ቤቲቱ ትወዛወዛለች፣ ውስጥ ድስቱ ይንኳኳል። ሰውዬው ከሥር «ኧረ በሕግ! ኧረ ያዙልኝ!» ይላል፤ አንዲቱ ጊደር ላቡ ጣፍጧት ግንባሩን ትልሰዋለች።

እኔ ደርቄ ቀረሁ። አለቀልኝ፣ ባሌ አወቀብኝ አልሁ። ቀና ብዬ ሳየው አፉን ከፍቶ የመኪናዋን ኋላ ይመለከታል። ከዚያ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። አብሯቸው የመጣው የአማቴ ፈረስ ከኋላው ግርግር ርቆ፣ ለብቻው፣ ከፊት በኩል ጋቢናው ሥር አንገቱን አስግጎ ተመስጦ ይልሳል። ጋቢናው ሥር! እኔ እኮ እዚያ አንዲት ጭብጥ ጨው አስቀምጬ አላውቅም!

«አንተ!» አልሁት።

«አንቺ!» አለኝ።

ለካ እሱም ከመቀመጫው ሥር ለእናቱ ከብቶች አሞሌ ጨው ይደብቅ ኖሯል! ከብቶቹም መኪናዋን የሚያውቋት ለዚህ ነው፤ በመጣች ቁጥር አሞሌ ይዛላቸው ነው የምትመጣ። ተያየን። ከንፈሬን ነከስሁ፣ እሱም ጉንጩን ነፋ፣ አልቻልንም፤ ሳቃችን ፈነዳ። ሆዴን ይዤ ሣሩ ላይ ቁጭ አልሁ።

ሰውዬው ግንባሩ ረጥቦ፣ ከረባቱ ጀርባው ላይ ዞሮ ከሥር ወጣ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

ባሌ እንባውን እየጠረገ «ከብቶቻችን መኪና ይወዳሉ» አለው።

ሰውዬው ጣቱን ብረቱ ላይ አሸት አደረገና ቀመሰው። «ጨው» አለ ለቅሶ ቤት እንደ ተቀመጠ ሰው። ወደ ፊት ሄዶ የጋቢናውንም ቀመሰ። «ይሄም ጨው።» ከዚያ አንድ ወረቀት ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ፣ ሻንሲውን ያበላሸው ጨው ስለ ሆነ ዋስትናው ፈርሷል ብሎ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገና እሱም መሳቅ ጀመረ። ምሳ አብልተን ሸኘነው፤ መልካም ሰው ነበር።

«ማርያምን ብለህ ስትምል አታፍርም?» አልሁት ባሌን አውቶቡሱ እንደ ሄደ።

«እኔ የማልሁት ስለ ኋላው ነው! አንቺስ?»

«እኔ ስለ ፊቱ ነዋ!»

እንደገና ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን አለቀስሁ። ጫግኒ ቀረብኝ፣ ድስቱ ሰሃኑን የሚያሳድድበት መንገድ ቀረብኝ። ባሌም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ቆየ። የዋስትናውን ወረቀት ከጨርቁ ውስጥ አወጣውና ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት መልሶ አስገባው።

የሠፈሩ ሰው በደቦ ተጠራ። ከሥሯ እንጨት አጋድመው ቤቲቱን እንዳለች ከሻንሲው አንስተው፣ እየዘፈኑ፣ ከአማቴ ቤት ፊት ለፊት አሳረፏት። ሲሸከሟት ውስጥ ልቀመጥ ብዬ ለምኜ ነበር፤ «በዚያ ሆድሽ!» ብለው አባረሩኝ። መሬት ስትነካ በሩ በራሱ ከፈት አለ። ባሌ ሞተሩንና ጎማውን ሸጦ የሰው አውቶቡስ ሊነዳ ተመለሰ፤ ማታ ማታ ይመጣል። እኔ ሴት ልጅ ወለድሁ፤ በበር።

ልጄ ስድስት ወር ሲሆናት አንድ ቀን አማቴ ደጃፌ ላይ ታቅፈዋት ተቀምጠዋል። ልጅቷ ከጧት ጀምሮ ስትነጫነጭ ውላለች። እኔ እየሰፋሁ ከብቶቹ ውኃ ሊጠጡ ሲወርዱ አየኋቸው፤ በታች በኩል፣ በጓሮ። እጄ ቆመ።

«እማማ፣ ከብቶቹ ሁልጊዜ በታች በኩል አይደል የሚሄዱት?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ያን ቀን፣ ሰውዬው የመጣ ቀን፣ ምን ወደ ላይ አመጣቸው?»

«እኔ ነኛ» አሉኝ። አላፈሩም፣ አልደነገጡም። «ልጄ ጋቢናው ሥር የሚደብቀውን አውቃለሁ፤ የሚያመጣልኝ ለኔ ነው። ያንቺንም አውቃለሁ፤ ወለልሽን በጣቴ ነክቼ ቀምሼዋለሁ። ሰውዬው ብረት ቢሰጣችሁ ትሄዱ ነበር። የወለድኋቸው ሁሉ ወልደዋል፣ ወልደውም ርቀዋል። ከልጅ ልጆቼ አንዱ እንኳ ጥርስ ሲያበቅል አላየሁም።»

እሳት ሆኜ ተነሳሁ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ሳቅ! ልጄን ከእቅፋቸው ልነጥቅ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው እጄን አላዩትም። በጣታቸው የልጅቷን ታችኛ ከንፈር ዝቅ አደረጉልኝ። ድዷ ላይ የስንዴ ፍሬ ጫፍ የምታህል ነጭ ነገር ብቅ ብላለች።

«ከጧት ጀምሮ እያየኋት ነው» አሉኝ። «ነይ፣ አንቺም እዪያት።»