በሰንበት ያጠብኩት ልብስ

ሸሕዲ ከተማ ላይ ፖሊሶች ከሚኒባስ አወረዱኝ። ከአብርሃ ጅራ ተነስቼ ወደ ሽንፋ ጸበል እየሄድኩ ነበር። ልጄ ከሞተ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም። «ይቺ አሮጊት ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ናት፤ ጫካ ለገቡት ታጣቂዎች መልእክት ታመላልሳለች» አሉ። እኔ የማመላልሰው እግሬን ነበር።

ያስገቡኝ የሰሊጥ መጋዘን ነው። መስኮት የለውም፤ የቆርቆሮው ሙቀት ከላይ ይጋረፋል፤ ከበሩ ሥር የመጸዳጃ ባልዲ አለ። ውስጥ ሁለት ሴቶች አገኘሁ። አንዷ ሰሊጥ ለማጨድ ከጎጃም የወረደች የቀን ሠራተኛ ናት፤ ገና ልጅ። ወባ ጥሏት፣ ልብሷ ላይ አስመልሳ እዚያው ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። ሌላዋ የሸሕዲ ነጋዴ ናት፤ ባልሽ ጫካ ገብቷል ብለው ነው ያመጧት። መቁጠሪያዋን ይዛ ግድግዳ ተደግፋለች።

«ይቺን ልጅ የሚያጥባት ጠፋ?» አልኩ።

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ ሰንበት ነው። ለእግዜር ሰጥቻታለሁ።»

«እግዜርማ ላንቺ ነው የሰጣት!»

ደሜ ፈላ። የልጅቷን ቀሚስ አወለቅሁ፤ ነጠላዬን አለበስኳት፤ ከጀሪካኑ ውሃ ቀድቼ ቀሚሷን ማሸት ጀመርኩ። ጠባቂው ፖሊስ በበሩ ስንጥቅ አየኝ።

«እማማ፣ ሰንበት ሻሩ እኮ!»

«ሻርኩ። አንተም መድኃኒት አምጣና ሻር!»

ሳቀ። ቢስቅም ሄዶ ለአዛዡ ነገረው። አዛዡ መጣ፤ አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል፤ ከኪሱ የወባ ኪኒን አወጣ።

«ተነሺ አንቺ አሮጊት! ተጋድማችሁ መንግሥት ይቀልባችሁ? ጳውሎስ እንኳ ያልሠራ አይብላ ብሏል። ውጭ ያለውን ሰሊጥ ንፉና ይሄን ውሰዱ።»

ግቢው ውስጥ ሰሊጥ ሸራ ላይ ተከምሯል። የማን እንደሆነ አልጠየቅንም። ነጋዴዋ ልጅቷን አየች፤ መቁጠሪያዋን ደረቷ ውስጥ ከተተችና ወንፊት አነሳች። ነፋን። ላቡ ዓይናችን ውስጥ ይገባል፤ አቧራው ጉሮሯችን ላይ ይለጠፋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ንጹሑ ለብቻ፣ ገለባና አፈሩ ለብቻ ሆነ። ሰሊጡን ሊጭን የመጣ የገዢ መኪና በር ላይ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል።

«ኪኒኑን» አልኩ።

«ነገም የሚነፋ አለ። ያኔ ይሰጣችኋል።»

ልጅቷ ከውስጥ «ውሃ፣ ውሃ» ትላለች።

ጎንበስ አልኩ። ከገለባውና ከአፈሩ በሁለት እጄ ዘገንኩና ንጹሑ ሰሊጥ ላይ በተንኩት። ደግሞ ዘገንኩ።

«ምን ታደርጊያለሽ አንቺ!»

«ጳውሎስ በገዛ እጁ ሠርቶ ነው የበላው። አንተ በማን እጅ ነው የምትበላው?»

በጥፊ መታኝ። አፌ ውስጥ ደም ደም አለኝ። ቀና ስል ያቺ ሰንበት ነው ብላ የተቀመጠች ነጋዴ የገለባውን ክምር በሸራው ጎትታ ንጹሑ ላይ ልትገለብጠው ደርሳለች። መኪናው እንደገና ጡሩምባውን ነፋ። አዛዡ አንዴ በሩን፣ አንዴ ሰሊጡን አየ። ኪኒኑን መሬት ላይ ወረወረልን።

ከአቧራው ለቅሜ፣ በቀሚሴ ጠርጌ ልጅቷን አስዋጥኳት። በማግሥቱ ትኩሳቱ በረድ ሲልላት የታጠበውን ቀሚሷን አለበስኳት። ቆይተው በመኪና ወሰዷት። ወዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ በየሄድኩበት የቀን ሠራተኞችን እጠይቃለሁ።

ከተፈታሁ በኋላ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ተናገርኩ። «ሰንበት ሽረሻልና ስገጂ» አሉኝ። የዚያን አዛዥ ሰሊጥ በሰንበት ስለ ነፋሁ፣ ጉልበቴ እያመመኝ ሰገድኩ። ልብሱን ስላጠብኩት ግን አልሰገድኩም። «አዛዡን ይቅር በዪው» ሲሉኝም እሺ አላልኩም። አሁንም አላልኩም።